የካቴድራሉ ደፍ

የእንግሊዝኛ መምህራችን ወደ አሮጌው የሉተራኖች ካቴድራል ልትወስደን በቀጠረችበት ጠዋት የወር አበባዬ መጣ። በሰው ሀገር ከአጎቴ ጋር ነበር የምኖረው፤ ምን ብዬ ከትምህርት እንደምቀር ጨነቀኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለወንድ አይነገርም። ስለዚህ ሄድኩ።

ሀገር ቤት ሳለሁ በዚህ ጊዜ ከቤተክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሜ ነበር የምሳለመው። አጠገቤ የሚቆሙ ሌሎች ሴቶች አይጠፉም፤ ለምን አልገባሽም የሚል ሰው አልነበረም።

ከክፍላችን አማርኛ የሚናገሩት እኔና አንዲት ጠና ያሉ ሴት ብቻ ነበርን። እትዬ እላቸዋለሁ። እሳቸው ጴንጤ ናቸው። ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር፣ ሰብዌዩ ውስጥ፣ ጆሯቸው ስር ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምን ይሁን? ታቦት እንደሆነ የለበት» አሉኝ።

«መስቀል አለበት፣ እትዬ። ስዕልም አለበት።»

«ስዕሉ ይነክሳል?»

ሳቁ።

ካቴድራሉ ስንደርስ ሁሉም ገቡ፤ እኔ የውስጠኛው በር ጋ ቆምኩ። እትዬ ለመምህራችን «ሲክ ናት»፣ አሟታል አሉልኝ። መምህሯም የትም እንዳልሄድ በእጇ አሳይታኝ ገባች።

በሩ ክፍት ነበር። ከመስኮቱ ባለቀለም መስታወት የወረደ ቀይ ብርሃን ወለሉ ላይ ተነጥፏል። እንዳይነካኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ። እነሱ ከእንጨት የተቀረጹ ሐዋርያትን እያዩ ነበር፤ አስጎብኚው፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ፣ አንዱን ሐዋርያ በጣታቸው ሲያሳዩ ዞር ብለው አዩኝ። የበረደኝ መስሏቸው ይሆናል፣ ፈገግ ብለው መጡና ክንዴን ያዙ።

ሽማግሌ ሲይዝ እምቢ አይባልም። ደግሞ በምን ቋንቋ ላስረዳቸው? ቀስ አድርገው ሳቡኝ። እግሬ ሲንቀሳቀስ ታወቀኝ።

«ኖ!»

ክፍል ውስጥ ስሜን እንኳ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ድምፄ ጣሪያው ስር ዞሮ ተመልሶ መጣብኝ። ሁሉም ዞሩ። ሽማግሌው ፊታቸው ቀልቶ እጃቸውን አነሱ። ሄደው ወንበር አመጡና ከበሩ ውጭ አስቀመጡልኝ።

ተቀመጥኩ። አንዴ ብቻ ቀና ስል ግድግዳው ላይ ትልቅ የስቅለት ስዕል አየሁ። ዓምዱ ጋርዶት የታየኝ ሚስማሩና የጌታ እግር ብቻ ነበር። ወዲያው ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ እትዬ ስለ ሐዋርያቱ ያወሩኝ ነበር። እኔ አልሰማኋቸውም።

«እትዬ፣ ሽማግሌው ሲስቡኝ እግሬ ደፉን አልፎ ነበር?»

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ነው እንዴ...» ብለው ሊስቁ ጀመሩ። ፊቴን ሲያዩ ተዉት።

«ጩኸት ሰምቼ ስዞር ያየሁት ፊትሽን ነው» አሉኝ። «እግርሽን አላየሁም።»

እስከ ሰፈራችን ሴንት ጄምስ ታውን ድረስ ጫማዬን እያየሁ ሄድኩ።