አክስቷ የከፈቱት ቧንቧ

ሥራ አስኪያጁ ዛሬ «እህቴ» ሲላት የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ጆሮዋ ቆመ። ሌላ ቀን የሚጠራት «አንቺ» እያለ ነው።

«እህቴ፣ ውሃው ላይኛው ሰፈር ገብቷል። መግለጫውን ለምሳ ሰዓቱ ዜና አድርሺልኝ።»

መግለጫው በሬዲዮ የሚነበበው በእሷ ድምፅ ነው። ውሸት ሆኖ ከተገኘ ሰፈርተኛው ዳግመኛ አያምናትም፤ እንቢ ካለች ደግሞ ሥራዋን ታጣለች። ጥርጣሬው አላስቀምጥ ሲላት እዚያው ሰፈር ለሚኖሩት አክስቷ ደወለች።

«አክስቴ፣ እስቲ ስልኩን ጠጋ አድርገው ቧንቧውን ይክፈቱልኝ።»

የተሰማት ፉጨት ብቻ ነበር።

«ሰማሽ? ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያስነጥሳል እንጂ ጠብታ የለውም» አሉ አክስቷ።

ስልኩን ሳትዘጋ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባችና ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አክስቴ ናቸው፣ ላይኛው ሰፈር ነው የሚኖሩት። ውሃው መግባቱን እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። መጀመሪያ ስልኩን፣ ቀጥሎ እሷን አየ።

«ልጄ፣ ባልዲዬን ደቅኜ ልጠብቅ ወይስ ልተወው?» አሉ አክስትየዋ በስልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አንስቶ ለሠራተኛዋ ሰጣት።

«አንቺ፣ መግለጫው ይቆይ» አላት።

«አንቺ» ሲላት ያን ጊዜ ልቧ አረፈ።