የብሎን ሰሌዳ

ልብስ ሰፊዋ ወረቀት ትወዳለች። ወረቀት ሲባል ደግሞ ያንን ማስታወሻ የሚጻፍበትን፣ ባለ ቀለሙን፣ ጀርባው ማጣበቂያ ያለውን፣ ግድግዳ ላይ ለጠፍ የሚደረገውን ነው። በምትሠራበት የሆስፒታል ልብስ ስፌት ክፍል የእሷ መኪና ያለበት ጥግ ከሩቅ ይታወቃል፤ ቢጫና ሮዝ ወረቀት ለብሷል። ጓደኞቿ "አንቺ ለሞትሽም ቀጠሮ ሳትይዥለት አትቀሪም" እያሉ ይስቁባታል። ስለዚህ ባሏ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚውልበት መላ ሲጠፋ፣ መጀመሪያ የታያት ወረቀት ቢሆን አይፈረድባትም።

ባሏን ሰፈሩ ሁሉ ብሎን እያለ ነው የሚጠራው። ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ የኖረ መካኒክ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፣ አንዴ ከጠበቀ የማይላላ ሰው ስለሆነ። አንድ ቀን ስትሮክ መታው። እግሩ ተመለሰ፣ እጁም ተመለሰ፣ ምላሱም ትንሽ ተኮላትፎ ተፈታ። ሳይመለስ የቀረው አዲስ ነገር መያዙ ነው። በወጣትነቱ የፈታውን ሞተር ከነድምፁ ያስታውሳል፤ አሁን የነገሩትን ግን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይረሳዋል። ማንበብም አቃተው፤ የመስመሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የከፋው እሷን ፍለጋ መውጣቱ ነው። "ገበያ ደርሼ መጣሁ" ብላው ትወጣለች፤ ትንሽ ቆይቶ ቤቱ ባዶ ይሆንበታል፣ የት እንደሄደች አያውቅም፣ ልቡ ይሸበራል፣ በሩን በርግዶ ይወጣል። ሁለቴ ጎረቤታቸው ባለሱቋ እጁን ይዛ መልሳዋለች። በሦስተኛው ከዋናው መንገድ መሃል፣ መኪኖች ግራና ቀኝ እየጮኹበት፣ ስሟን ሲጣራ ተገኘ።

ታላቅ ወንድሙ ይህን ሲሰማ ከሚኖርበት ከተማ መኪናውን አስነስቶ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆንማ ልብስ ሰፊዋ መልስ አታጣለትም ነበር።

"እህቴ፣ እሱን ለማስታመም ከሥራ የወሰድሽው ፈቃድ ሊያልቅ ነው። እኔ ቤት ደግሞ ሰው አይጠፋም። ልውሰደው።"

"ወንድም ጋሼ፣ ይሄን ቤት እኮ በዳበሳም ያውቀዋል። እርስዎ ዘንድ መታጠቢያ ቤቱን ሳይቀር በየቀኑ እንደ አዲስ ሊፈልግ ነው። ጠዋት ተነስቶ እኔን ሲያጣኝስ?"

"እዚህስ ሲያጣሽ መንገድ ላይ አይደል የሚገኘው?"

በመጨረሻ ተስማሙ። ወደ ሥራ የምትመለስበት ቀን ብሎን ብቻውን ይውላል፤ በዚያው ቀን ወንድሙ ይመጣል፤ ከቤት ወጥቶ ከተገኘ ይዞት ይሄዳል፣ ክርክር የለም።

ልብስ ሰፊዋ እጅጌዋን ሰበሰበች። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አስጠጋች፣ የግድግዳ ሰዓት ሰቀለች፣ ቁጥሩ የጎላ የቀን መቁጠሪያ ገዛች። ከዚያ ወረቀቷን ግድግዳው ላይ አዘነበችው። ቢጫው ለመድኃኒት፣ አረንጓዴው ለምሳ፣ ሮዙ "ሥራ ነኝ፣ እመጣለሁ፣ እንዳትወጣ" የሚል። መጀመሪያው እንዳይጠፋበት ሁሉንም አሳጥራ ጻፈችው። ራቅ ብላ አየችው፤ ሚኒስትር የሚቀመጥበት መሰላት።

ብሎንም ሊያየው መጣ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ተነቃነቀበት፤ ገልብጦ እግሩን አጠበቀው። መሳቢያው አልሳብ ሲለው ሻማ ቀባው። ቀና ሲል ግድግዳው ተዝረክርኳል፤ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ነቀለና በየቀለማቸው ለይቶ መሳቢያው ውስጥ ከተታቸው።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ግድግዳውን እንዲህ ያበላሸው ማነው?" አላት፣ ከልቡ ተቆጥቶ።

ሳቀች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ብትለጥፍም ይነቅላል፣ መልሳ ብትለጥፍም መልሶ ይነቅላል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነባት።

አንድ ቅዳሜ ልብስ አጥባ ስትገባ የአሮጌው ቁምሳጥን በር ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ በምስማር ተመትቶ አገኘችው። ብሎን በግራ እጁ የጺም መላጫውን በሩ ላይ ለጥፎ ይዞ፣ በቀኙ በቀጭን ብሩሽ ዙሪያውን በነጭ ቀለም እየከበበው ነበር። ስለ በሩ ልትጮህበት አፏን ከፍታ ነበር፤ እጁን ስታይ ግን ጠጋ አለች። ማንኪያ ሲይዝ የሚንቀጠቀጠው እጅ አሁን ቀጥ ብሏል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ሰሌዳ ነዋ። ያለ ሰሌዳ ሥራ አለ እንዴ?"

ያኔ ገባት። ጋራዡ ውስጥ ግድግዳውን የሸፈነ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ነበር፤ ለእያንዳንዱ መፍቻና መዶሻ ቅርጹ በቀለም ተስሎለታል። ሥራ ሲጀመር የሚፈለገው ዕቃ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፤ የተሠራበት ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ጠረጴዛ ላይ የቀረ ካለ ገና ሥራ አለ። ከጠረጴዛም ከሰሌዳም የጠፋ ካለ ሰው እጅ ላይ ነው። ፊደል አይጠይቅም፣ ትዝታም አይጠይቅም፤ ዓይን ብቻ።

እጇን በአፏ ጫነች። በሽታው ቤቱን አግበስብሶ ሄደ ብላ ነበር፤ ለካስ ይህን ሳይነካው አልፏል። ሮጣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ የምሳ ዕቃውን፣ የአበባ ውሃ ማጠጫውን አመጣችለት። ሁሉንም ከበባቸው፣ ለሁሉም ምስማር መታላቸው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ዕቃዎቹን በተራ ትደረድርለታለች። ጺሙን ተላጭቶ መላጫውን ይሰቅላል፤ አበባውን አጠጥቶ ማጠጫውን ይሰቅላል። የምሳውን መድኃኒት ከምሳ ዕቃው ጋር በላስቲክ ያሰረው ራሱ ነው፤ "አብረው ነው የሚፈቱት" ብሎ። እሷ ከጓዳ በር ተደብቃ ታየዋለች፤ ደስታዋ ፍርሃት ይመስል ነበር።

መውጣቱ ግን አልቀረም። ለሙከራ እስከ ባለሱቋ ደርሳ ስትመለስ ውጭ በር ላይ ቆሞ ስሟን ሲጣራ አገኘችው። "ሌላውን ሁሉ ሰቀልኩለት" አለቻት ባለሱቋን፤ "የእኔን መሄድስ ምን ላይ ልስቀለው?"

ቀኑ ደረሰ። ቃሏን የማታጥፍ ሴት ናትና የብሎንን ልብስ በሻንጣ አድርጋ በሩ አጠገብ አስቀምጣ ወጣች። ሥራ ላይ ሐሳቧ ቤት ቀርቶ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። ስትመለስ አውቶብሱ መንገድ ላይ ተበላሸና የቀረውን በእግሯ ሮጠችው። ሰፈር ስትደርስ የወንድምየው መኪና ደጃፍ ቆሟል፣ የቤቱም በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ብሎን ወንበሩ ላይ ነበር። ጠረጴዛው ባዶ ነው፣ ዕቃው ሁሉ ተሰቅሏል። ወንድሙ ሶፋው ጫፍ ላይ አገጩን ይዞ ተቀምጧል።

"መቼ መጡ፣ ወንድም ጋሼ?"

"ቆየሁ፣ እህቴ። ልፈትነው ብዬ 'ተነስ፣ ወጥተን እንፈልጋት' አልኩት። 'መቀሱ ሳይገባ የት እሄዳለሁ' አለኝ። ደጋግሜ አልኩት፣ መልሱ ያው ነው። የምን መቀስ እንደሆነ አልገባኝም።"

ልብስ ሰፊዋ ሰሌዳውን አየች። ዳር ላይ፣ ከዚህ በፊት ያላየችው ነጭ ቅርጽ አለ፤ ሁለት ረጃጅም ስለቶች፣ አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ መያዣ። ለማንም የማታውሰው፣ በቦርሳዋ ይዛው ወጥታ ይዛው የምትገባ የሥራ መቀሷ ነው። ቦርሳዋን የሆነ ቦታ ጥላ ዞር ባለችበት ወስዶ፣ ከብቦት መልሶት መሆን አለበት። አውጥታ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው። ልክክ አለ።

ብሎን በረጅሙ ተነፈሰ። "መጣሽ" አላት።

"የት ሄጄ ነበር?"

"እንጃ።"

"ታዲያ ለምን ወጥተህ አልፈለግከኝም?"

"መቀስሽ ቦታው የለማ። ይዘሽው ወጥተሻል፤ ይዘሽው ትገቢያለሽ" አላት፣ ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን።

ይህ ሰው ነገን አያውቅም፣ ከሰዓታት በፊት የሆነውን አያውቅም፤ እሷን የሚጠብቅበት ቦታ ግን በነጭ ቀለም ሠርቶላታል። አጠገቡ ተንበረከከች።

"መቼ ቀባኸው?"

ቅርጹን ገና ዛሬ እንዳየው ሰው አተኩሮ አየው።

"እኔ አይደለሁም" አላት። "ማን እንደቀባው እንጃ። ብቻ የሚያውቅሽ ሰው ነው።"

ታላቅ ወንድሙ ተነሳ፤ ሻንጣውን ከበሩ ሥር አንስቶ ወደ መኝታ ቤት መለሰው።