በደከመ ባትሪ ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት መስቀል ፍላወር አንድ ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶዬን ሳማስል ራዲዮኑ ስለ ወንድሜ አወራ። ታናሽ ወንድሜ ሚኪ ከስንት ልፋት በኋላ የመጀመሪያ አልበሙን አውጥቷል፤ የድሮውን ሮክ የሚመስል፣ ዝግ ያለ፣ ጊታሩ ሻካራ የሆነ ሥራ ነው። አንደኛው ተንታኝ "ነፍስ አለው፣ ዝግታው ራሱ ሰውን ይይዛል" ሲል፣ ሌላው ቀበል አድርጎ "ኧረ ባክህ! ከበሮ መቺው እንቅልፍ ወስዶታል እኮ፤ ድሮን መምሰል ብቻውን ሙዚቃ አይሆንም፣ በቃ" አለ። ተናደድኩ፤ ሳቄም መጣ። ያ ዝግታ ከየት እንደመጣ ከእኔና ከሚኪ በቀር ማን ያውቃል?

ያደግነው ካዛንቺስ፣ እትዬ ዘነቡ ግቢ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። አከራያችን እትዬ ዘነቡ ደግ ሴት ነበሩ፤ በቆጣሪያቸው የመጣባቸውን ግን አይምሩም። ከአንዲት አምፖል ሌላ እንድንሰካ ስላልፈቀዱልን ቴፓችን የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም እማዬ አትጥለውም፤ ቆርቆሮው ላይ፣ ከበርበሬው ጎን ፀሐይ ታሰጣውና ከሰዓት በኋላ ትንሽ ነፍስ ዘርቶ ይመለሳል። ትንሽ ነው ታዲያ፤ ቴፑ እየተንፏቀቀ ነው የሚዞረው። የነበረችን አንዲት የፈረንጅ ሮክ ካሴት ስለሆነች፣ ዘፋኙ በጎርናና ድምፁ እየጎተተ፣ ጊታሩ ዳገት እንደሚወጣ ሰው እያለከለከ፣ ዓመት ከዓመት እሷኑ እንሰማለን። እማዬ ሽንኩርት ስትከትፍ በዚያው ልክ ታንጎራጉራለች፤ ሚኪ ጀሪካን እየደበደበ ከበሮውን ይከተላል። ዘፈኑ እንዲያ ነው ብለን ነዋ፤ ማን ይነግረናል?

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ታክሲ ተራው አጠገብ ያለው የጋሽ ሰይድ ሙዚቃ ቤት ያንኑ ዘፈን በትልቁ ስፒከር ለቆታል። ይሮጣል! ዘፋኙም ቀጭን ድምፅ ያለው ጎረምሳ ሆኖ ቁጭ አለ። ሚኪ ሰተት ብሎ ገባና "ጋሽ ሰይድ፣ ቴፕዎ ተበላሽቷል፤ ዘፈኑን እያበላሹት ነው" አላቸው። ጋሽ ሰይድ ነገሩ ሲገባቸው በሳቅ ከወንበራቸው ሊወድቁ ደረሱ፤ ውጭ የቆመው ወያላ ሁሉ ሳቀበት። ሚኪ እያለቀሰ ቤት ገብቶ ለእማዬ ከሰሳቸው። እሷም ድንጋዮቹን ከቆርቆሮው እያወረደች "ይሳቁ፣ የእኛው ይሻላል" አለችው።

ትናንት ሚኪ ላንቻ ቤቴ መጣ። ትችቱ እንቅልፍ ነስቶት ከስቷል። ፕሮዲውሰሩ ዘፈኖቹ ፈጠን ተደርገው እንደገና ይውጡ ብሎታል፤ እሱም አንዱን አፍጥኖ በስልኩ ይዞ መጥቷል። "እስቲ ስሚውና ፍረጂኝ" አለኝ። ሰማሁት። ያምራል፤ ያስጨፍራል። እማዬ ግን ውስጡ የለችም።

"ይሄማ መብራት ያላቸው ሰዎች ዘፈን ነው" አልኩት።

እንደ ልጅነቱ እየሳቀ ዓይኑን ጠረገና ዘፈኑን ከስልኩ አጠፋው። አልበሙ እንዳለ ይቀራል፤ ራዲዮኖቹም ይነታረኩ።

ስሸኘው በካዛንቺስ በኩል አለፍን። እማዬ ካረፈች ቆይታለች፤ ግቢውም ፈርሶ ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ቤታችን በነበረበት ቦታ የተተከለው የመንገድ መብራት በጠራራ ፀሐይ ቦግ ብሎ በርቷል። "እትዬ ዘነቡ ይህን ባዩ!" አለ ሚኪ፣ ሳቅን። ጥቂት እንደሄድን ያንን የድሮ ዘፈን ማንጎራጎር ጀመረ፣ በእማዬ ልክ፣ ቀስ እያለ። እኔም እንባዬ እየመጣ ተከተልኩት።