ብርድ ያልኩት ሳል

መጀመሪያ ሳል ነበር። ደረቅ ሳል፣ ጠዋት ጠዋት። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ቅዝቃዜው ገብቶ ስለነበር ብርድ ነው ብዬ ፌጦ በሎሚ ጠጣሁ። ሳሉ አልሄደም። ሱሪዬ ሰፋኝ። ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። አብሬያት የምኖረው ልጄ ሰናይት «አባዬ፣ ሐኪም ጋ እንሂድ» ስትለኝ፣ «ብርድ ነው አልኩሽ» እያልኩ ከረምኩ።

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ታክሲ መንዳት ከተውኩ ወዲህ ላይብረሪ ውስጥ እንግሊዝኛ ማንበብ እማራለሁ። አስተማሪያችን የድሮ እንግሊዝ ደራሲዎችን ሕይወትና ሥራ በቀላል ቃል አሳጥራ ታስነብበናለች። ያን ሰሞን የደረሰን በወጣትነቱ የሞተ ገጣሚ ነበር። ይስላል። ይከሳል። ወዳጆቹ ብርድ ነው ይሉታል፤ እሱም ብርድ ነው ይልና እየሳለ ይጽፋል። በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብ የራሴን ነገር የማነብ መሰለኝ። ሳልጨርሰው ወጥቼ ሰናይትን ኮል አደረግኳት። «ሐኪም ጋ ውሰጂኝ» አልኳት።

ራጅ ተነሣሁ። አክታ ሰጠሁ። ሐኪሟ በአስተርጓሚ ነገረችኝ።

«ቲቢ ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከወሰዱ ይድናሉ። ከእርስዎ ጋር ዝግ ቦታ ረጅም ሰዓት የሚቀመጥ ማነው?»

እኛ ዘንድ የዚህ በሽታ ስሙ አይጠራም።

አንዷ ሰናይት ናት። ሌላው ዘውዴ ነው፤ እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ ሰፈር የሚኖር የታክሲ ዘመን ጓደኛዬ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናው ውስጥ መስኮት ዘግተን፣ ሂተር ከፍተን ስናወራ እንውላለን። ስኳር አለበት። ሐኪሟ ስኳር ያለበትን ሰው ቲቢ ቶሎ ይጥለዋል አለችኝ። ስምዎን ሳንጠቅስ እኛ እንደውልለታለን አለች። ዘውዴ ግን የማያውቀውን ቁጥር አያነሣም።

ራሴ ደወልኩ።

«ዘውዴ፣ ቲቢ ይዞኛል።»

«እንዲህ በስሙ ትጠራዋለህ?»

«ካልጠራሁት አትመረመርም።»

«እኔ እኮ ሐሜት ብቻ የምታጋባብኝ መስሎኝ ነበር።» ቀጥሎም፣ «ማነው ሐኪም ጋ ሂድ ብሎ የመከረህ?»

«አንድ የእንግሊዝ ገጣሚ።»

«እኛ አጠገብ፣ ስካይላይን ሰፈር ነው የሚኖረው?»

«ድሮ የሞተ ልጅ ነው።»

ዘውዴ በማግስቱ ተመረመረ። ጀርሙ ገብቶበት ተኝቷል፤ ገና አላመመውም። እንዳይነሣበት ክኒን ጀመረ። ሰናይትም ተመርምራ ነጻ ሆነች።

እኔ መጀመሪያ ክፍሌን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ ሰናይት ምግቡን በር ላይ አስቀምጣ ከማዶ ታወራኛለች፣ ነርሷም እየመጣች ክኒኑን ስውጥ ታያለች፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ላቡ ቀረ፣ ሱሪዬም ያለ ቀበቶ ይቆምልኝ ጀመር። ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንትን ብርቱካን ያስመስላል፤ አትደንግጡ። ሲሻላችሁም እንዳታቋርጡ፤ እኔም ዳንኩ ብዬ ልተው ሲቃጣኝ ነርሷ ናት የያዘችኝ። እግዜር ይስጣት። ለሰናይትም፣ ለአስተማሪዬም።

እናንተም ሳሉ ከሰነበተ ብርድ ነው አትበሉ። አብሯችሁ ለሚቀመጥ ሰው የበሽታውን ስም ንገሩት። የሚያስፈራው ከመናገር በፊት ያለው ነው።

ወደ እንግሊዝኛው ትምህርት ስመለስ የገጣሚውን ሕይወት ጨርሼ አነበብኩት። እሑድ ለዘውዴ ነገርኩት፤ የገደለው ይኸው ቲቢ ነው፣ በልጁ ዘመን መድኃኒቱ ገና አልተገኘም ነበር አልኩት። ዘውዴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄዶ ሁለት ጧፍ ገዛ። አንዱን ለእኔ ሰጠኝ።

«ይሄ ለማን ነው?» አልኩት።

«ለዚያ ልጅ» አለ፣ የራሱን እያበራ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገባንና መስኮቱን ከፈት አደረገው።