ምርቃት ያለው ልክ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር የልጃችንን እግር መለካት ነው። እሑድ ከሰዓት ነበር። ባለቤቴ ያለፈውን ዓመት የግድግዳ ካላንደር ገነጠለና ጀርባውን ሳሎኑ ወለል ላይ ዘርግቶ ተንበረከከ። እኔ ወረቀቱ እንዳይጠቀለል ሁለቱን ጫፎች በእጄ ይዤለት ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጃችን ካልሲዋን አውልቃ ወረቀቱ ላይ ቆመች።

"ሜ፣ ቀጥ በይ ኢንተላ ኮ" አላት። ከሷ ጋር ሲሆን ኦሮምኛውንም አማርኛውንም አንድ ላይ ነው የሚያወራው፤ ኢንተላ ኮ "ልጄ" ማለቱ ነው።

"ቀጥ ብያለሁ። አንተ ነህ የምትኮረኩረኝ።"

"እርሳሱ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ?"

"እርሳሱን የያዘው ማነው ታዲያ?"

ሣቀና ሥራውን ቀጠለ። የምንለካው ለባሌት ጫማ ነበር፤ ፖይንት ለሚሉት፣ በጣት ጫፍ ለሚቆሙበት። ባሌት የምታስተምራት ወጣት ሴት ባሏ እዚህ ኮሌጅ ሲቀጠር አብራው ጅማ የመጣች ናት። በቾ ቦሬ ሰፈር አንድ አዳራሽ ተከራይታ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ልጆች ታስተምራለች። ጫማው አገር ውስጥ ስለማይገኝ እህቷ ከውጭ ስትመለስ ይዛ እንድትመጣ ልክ በወረቀት ላኩልኝ አለችን። ስታስረዳን ሁለት ጊዜ ደግማለች። ልጅቷ ሙሉ ክብደቷን ጥላ ትቁም፤ ወደ ታች ካየች ሰውነቷ ስለሚዛባ ግድግዳ ግድግዳውን ትይ፤ እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ ከዚያ በላይ ምንም እንዳትጨምሩ። "ልኳን ብቻ" አለች።

ባለቤቴ ሁሉንም እንደተባለው አደረገ። መጨረሻ ላይ ግን፣ ልጃችን ግድግዳውን እያየች ሳለ፣ ከአውራ ጣቷ ፊት ሌባ ጣቱን አጋድሞ መስመሩን ወደ ውጭ ገፋው። ቀና ብሎ አየኝና በለሆሳስ "ምርቃት" አለ። ሁለተኛውንም እግር እንደዚያው። እኔም የአስተማሪዋን ቃል አስታወስኩ፤ አስታውሼ ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩት ነገሩ የቤታችን ወግ ስለነበር ነው። እሱ ያደገው አጋሮ ገበያ ውስጥ፣ ለሸጡት ሁሉ አንድ እፍኝ ምርቃት ሳይጨምሩ ሰው በማይሸኙ ዘመዶች መሐል ነው። ሥራውም እዚያው አጋሮ አጠገብ ካለ የእሸት ቡና ማጠቢያ ነበር፤ ሳምንቱን እዚያ ሰንብቶ ቅዳሜ ይመጣል። ልጃችን ትምህርት ቤት ስትገባ እግሯን በክር ለክቶ ጫፉን ቋጠረና ኪሱ ከተተው። በሳምንቱ ከገበያ ይዞላት የመጣው ጫማ ከክሩ በአንድ ጣት ይበልጥ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት አፍንጫው ላይ ጥጥ እንጠቀጥቅበታለን፤ በሁለተኛው ይሆናታል፤ በሦስተኛው ለጎረቤት ልጅ ይሄዳል። ሁሉንም ጫማዎቿን እንዲህ ነው ያደረገችው። አንድም ቀን የጠበበ ጫማ አድርጋ አታውቅም፤ እሱ በዚህ ይኮራ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወደ መናኸሪያ ሲሄድ ባጃጁን በበቾ ቦሬ በኩል አዙሮ ወረቀቱን ለአስተማሪዋ ራሱ ሰጣት። ሐሙስ እዚያው ሥራው ላይ "ደረቴን" ብሎ ተቀመጠ። ከተቀመጠበት አልተነሳም።

ስለ ቀጣዮቹ ሳምንታት ብዙ መጻፍ አልችልም። እንቅልፍ የምተኛው ቀን ቀን ነበር። ለቅሶ ደራሽ ሲገባ እነሳለሁ፣ ሲወጣ ተመልሼ እጋደማለሁ። ከፊት ለፊታችን ያለችው ሙስሊም ጎረቤቴ "አላህ ያጽናሽ፣ ቅመሽ እንጂ" እያለች ሳህኑን ጭኔ ላይ ታስቀምጥልኛለች፤ ስትመጣ እንዳስቀመጠችው ታገኘዋለች። ከሥራ ቦታው የሚፈርሙት ወረቀት አለ ብለው ጠሩኝ፤ ሄጄ ፈረምኩ። ምን እንደፈረምኩ አላስታውስም።

ጫማው የመጣው ከአርባው በኋላ ነው። አስተማሪዋ ራሷ ጊንጆ ቤታችን ድረስ ይዛው መጣች፤ በር ላይ ቆማ ለመግባት አፈረች። ልጄ እሽጉን ፈታች። ፈዛዛ ሮዝ ሳቲን፣ ጠንካራ አፍንጫ፣ ያልተሰፋ ሪባን። አልጋ ላይ ተቀምጣ አደረገችውና "ልክ ነው" አለች። እኔም ጎንበስ ብዬ አላየሁም። ልክ ነው ካለች ልክ ነው ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ካልሲዎቿን ለማጠብ ስሰበስብ ከአንዱ ውስጥ ጥጥ ወደቀ። ደም የጠጣ ጥጥ ነበር። በዚያው ቅዳሜ ከዝናብ ጋር እየተጋፋሁ አዳራሹ ድረስ ሄድኩ። እሱ ከሞተ ወዲህ ማንም ሳይጠራኝ ከቤት ስወጣ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አስተማሪዋ እንደጠራችው ሰው ተቀበለችኝ። "እትዬ፣ እንኳን መጡ። ልነግርዎ እያሰብኩ ነበር፤ ግን በዚህ ሐዘን ላይ..." አለችና ልጄን ግድግዳው ላይ ያለውን መደገፊያ ብረት ይዛ በጣቶቿ ጫፍ እንድትቆም አዘዘቻት። ከዚያ ተረከዟ ጋ ያለውን ሳቲን ያዘች። ጨርቁ እፍኝ ሞላ። "ይዩልኝ፤ እግሯ ወደ ታች ሰምጧል። ጫማው ካልያዛት ሰውነቷን በሙሉ የሚሸከመው አውራ ጣቷ ነው። አንድ ቀን ቁርጭምጭሚቷ ይታጠፍባታል። በዚህ ጫማ ከዛሬ በኋላ አላስቆማትም።"

"ጥጥ አድርጌበታለሁ እኮ" አለች ልጄ።

"ጥጡን ነው የምታስደንሺው እንጂ እግርሽን አይደለም።"

ከኋላ ያሉት ልጆች ሣቁ። ልጄ አልሣቀችም። "አባ ነው የለካኝ" አለች። "አባ አይሳሳትም። የምታሠሪኝ ከሆነ በዚህ ነው፤ ካልሆነ ይቅር።"

አስተማሪዋ እኔን አየችኝ። የምመልሰው ነገር እንዳለኝ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ልጄ እሱ የለካላት የመጨረሻ ጫማ ነው ብላ እግሯን ልትሰብርበት ነው። አግዳሚው ላይ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

"አባትሽ አልተሳሳተም። ልክሽን ለክቶ ነበር" አልኳት። "አንቺ ግድግዳውን ስታዪ ጣቱን አጋድሞ ጨመረበት። እኔ አይቻለሁ።"

"አየሽ?"

"አየሁ። አስተማሪሽ ያለችውንም አስታውሼ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽው?"

"ሁልጊዜ እንደዚያ ስለሚያደርግ።"

የጫማዋን አፍንጫ በጣቷ ጫን አደረገችው። "ምርቃት ጨመረብኝ?" አለች። አንድ ጊዜ ሣቀችና ወዲያው ፊቷን ትከሻዬ ላይ ደበቀች። እሱ ከሞተ በኋላ ፊቴ ስታለቅስ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።  ቀና ስትል ራሷ ሪባኑን ፈታች።

አስተማሪዋ ከቁም ሣጥኗ ሦስት ጥንድ አወጣች፤ ለራሷ አስመጥታ ልኳ ስላልሆኑ ሳታደርጋቸው የቀሩ ናቸው። ልጄ የመጀመሪያውን ስታደርግ "ጣቶችሽ ታጥፈዋል?" አለቻት።

"ትንሽ።"

"ትንሽ የሚባል የለም። አውልቂው።"

ሁለተኛው ርዝመቱ ጥሩ ነበር፤ ሶሉ ግን ደረቅ ሆኖ እግሯ ሊያጥፈው አልቻለም፤ ስትቆም ወደ ኋላ እየመለሳት ተንገዳገደች። ሦስተኛው ሳቲኑ ወይቧል። ጠፍጣፋ ስትቆም ጣቶቿ ሳይታጠፉ ጫፉን ነኩ፤ ጎኑና ጎኑ እግሯን ያዘው። በጣቶቿ ጫፍ ስትቆም አስተማሪዋ ተረከዟ ጋ ያለውን ሳቲን በሁለት ጣቶቿ ቆነጠጠችው፤ እጇ ላይ የቀረው ጨርቅ እንደ ምስር ፍሬ ትንሽ ነበር።

"እርስዎም ይቆንጥጡት" አለችኝ። ጉልበቴን አሞኝ ቀስ ብዬ ተንበረከክሁ፤ ቆነጠጥኩት። በዚያ ቦታ፣ በዚያ ከፍታ፣ የልጄን እግር አይቼ አላውቅም። ይህን የሚያየው እሱ ነበር።

"ሳድግስ?" ብላ ጠየቀች ልጄ ከላይ ሆና።

"ስታድጊ ሌላ ታደርጊያለሽ። በየወሩ ልክሽን እያመጣሽ" አለች አስተማሪዋ።

ትልቁን ጥንድ አስተማሪዋ እግሯ ረዘም ላለ ሌላ ተማሪ ጠየቀችን። ልጄ እሺ ለማለት ሁለት ሳምንት ፈጀባት። አሁን ያቺ ልጅ ታደርገዋለች፤ ልክ ሆኗታል ይላሉ። ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ስቀመጥ ዓይኔ የሚሄደው ወደ እሷ እግር ነው። ከልጄ ይልቅ እሷን ሳይ ያስተዋሉብኝ ይመስለኛል።

ድካሙ አልለቀቀኝም። አሁንም ቀን ቀን እተኛለሁ። ወር ባለቀ ቁጥር ግን ያለቀውን ወር የካላንደር ቅጠል እገነጥልና ወለሉ ላይ እዘረጋለሁ። ልጄ ግድግዳውን ታያለች። እርሳሱን ቀጥ አድርጌ ይዤ እግሯን እዞራለሁ፤ ምርቃት አልጨምርም።