ዲስክ እንጠግናለን

ባለፈው ሳምንት ካልሲዬን ላደርግ ጎንበስ እንዳልኩ በዚያው ቀረሁ። ባለቤቴ ደግፋ አነሣችኝና በግድ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና «ዲስክ ነው» አለኝ። ሳቄ መጣ። ስስቅ ደግሞ ወገቤን ስለሚወጋኝ ግማሹ ሳቅ፣ ግማሹ ማቃሰት ሆነ። ሐኪሙ ግራ ተጋብቶ ባለቤቴን አያት፤ እሷም ትከሻዋን ነቀነቀች። ምን ብዬ ላስረዳቸው? በዚህ አንድ ቃል የተነሣ በወጣትነቴ ያየሁትን አበሳ በሐኪም ፊት ቆሞ መተረክ አይቻልም።

ያኔ ከጎንደር ተመርቄ መተማ ዮሐንስ ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የኮምፒውተር አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ነበር። የመተማን ሙቀት ላልኖረበት ሰው ስነግረው ያጋነንኩ ይመስለዋል። ከምሳ በኋላ ከተማው ጥላ ጥላውን ይዞ ዝም ይላል፤ ባጃጆቹም ሳይቀሩ ዛፍ ሥር ይሰለፋሉ። እኔ በረዶ የገባበት ከርከዴ እየጠጣሁ ደመወዝ የሚወጣበትንና ዝናብ የሚመጣበትን ቀን እጠብቅ ነበር። ሁለቱም ሲመጡ ብዙም አያስደስቱም፤ ደመወዙ ያልቃል፣ ዝናቡ ዋልካውን ጭቃ ያደርገውና መንገድ ይዘጋል።

የተከራየሁት እትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ውስጥ ነበር። እትዬ ከጎጃም የመጡ፣ ባላቸው በቅርቡ የሞቱባቸው ሴት ናቸው። በግቢው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ፣ ባልየው የተዉላቸው የዲስክ መሸጫና መጠገኛ አለ። በቆላው ዲስክ ማለት ከትራክተር ኋላ ተጎትቶ መሬት የሚገለብጠው ክብ የብረት ማረሻ ነው። ሰሊጥና ማሽላ የሚያርስ ሰው ሁሉ በየዓመቱ ዲስክ ይለውጣል፣ ያስበይዳል፣ ጠርዙን ያስሞርዳል። ባልየው ከመሞታቸው በፊት ያላቸውን ሁሉ አውጥተው አንድ መኪና ሙሉ አዲስ ዲስክ አስመጥተው ነበር። ደንበኞቹ ግን የሰውዬው ወዳጆች ስለነበሩ፣ ሰውዬው ሲያልፉ ደንበኞቹም ቀሩ። ዲስኩ ግቢ ውስጥ እንደተከመረ ግንቦት ገባ።

«ክረምቱ ሳይገባ ካልተሸጠ እዘጋዋለሁ» ይሉኝ ነበር እትዬ። «ዘግቼስ? በዚህ ዕድሜዬ ወንድሜ ቤት ገብቼ የሚስቱን ፊት እያየሁ ልኖር?»

ማስታወቂያውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ብዙዎቹ ባለእርሻዎች ጎንደርና አዲስ አበባ ተቀምጠው መለዋወጫ በስልካቸው መፈለግ ጀምረው ነበር። አሠራሩን ለእትዬ ነገርኳቸው፤ አንድ ቃል እንመርጣለን፤ ሰው ያንን ቃል ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ የእኛ ማስታወቂያ ከላይ ይወጣል፤ ማስታወቂያውን ጠቅ ባደረገ ቁጥር እንከፍላለን።

«ደጄ ቆሞ ላየ ሁሉ እኔ ልከፍል?»

«ያየ አያስከፍልም እትዬ፤ የገባ ነው።»

«ገብቶ ሳይገዛ ቢወጣስ?»

«እሱም ያስከፍላል።»

«ኧረግ!» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ይከፍልልን፣ እኛ ደግሞ በብር እንልክለት ነበር። ቃሉን ለመምረጥ ግን አንድ ደቂቃም አልፈጀብንም። እትዬ፣ የሱቁ በያጅ ሙሉቀንና እኔ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠን «ዲስክ» አልን፤ አለቀ። መተማ ላይ ለዚህ ነገር ሌላ ስም ያለው ሰው የለም። ማስታወቂያውም እንዲህ የሚል ሆነ፤ «ዲስክ እንጠግናለን። ያረጀውን በአዲስ እንለውጣለን። መተማ ዮሐንስ።»

ስልኩ በማግሥቱ መጮህ ጀመረ። እትዬ ደስ ብሏቸው ድምፁን ከፍ አድርገው ያዙት። የመጀመሪያዋ ደዋይ ትሕትና ያላት ሴት ነበረች።

«በቀዶ ጥገና ነው የምትሠሩት ወይስ በማሸት?»

እትዬ ወደ ሙሉቀን አዩ። ሙሉቀን የብየዳውን መያዣ ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

«በብየዳ ነው እመቤት» አሉ እትዬ።

ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርክ መሰለን። ቀጥሎ አንድ ሰው ከተጠገነ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ጠየቀ። «እንደ አያያዙ ነው፤ ድንጋይ ካላገኘው ሁለት ክረምት ያርሳል» አሉት። እሱም ዘጋ። እኔ ማታ ማታ ስመለከት ጠቅ የሚያደርገው ሰው በዝቷል። የተሳካ መሰለኝና «ገንዘብ እንጨምርበት» አልኩ፤ ጨመርን። ገንዘቡ ቀለጠ፣ ዲስኩ ከተከመረበት ንቅንቅ አላለም። ወጣት ሰው ቁጥር ሲጨምር ሲያይ ሥራ የተሠራ ይመስለዋል። ዛሬም ቢሆን ይህን የሚያስቡ ብዙ ትልልቅ ሰዎች አውቃለሁ።

ነገሩ የተገለጠልን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ባጃጅ ሱቁ በር ላይ ቆመ፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በዱላቸው እየተደገፉ ወረዱ። ባጃጁ ያለ ጥያቄ ነበር ያመጣቸው፤ መተማ ላይ «ዲስክ» ያለ ሰው ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ነው የሚወሰደው።

«ዲስክ እምታበጁ እናንተ ናችሁ?» አሉ ሽማግሌው።

«አዎ አባቴ፣ ይግቡ» አሉ እትዬ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «ዲስኩ የታለ? መኪና ላይ ነው?»

«ኧረ ወገቤ ላይ ነው።»

ሙሉቀን ብየዳውን አቆመ። እኔ ያን ሁሉ የስልክ ጥያቄ አንድ በአንድ አስታወስኩና ላብ አጠመቀኝ። ሽማግሌው ግቢ ውስጥ የተከመረውን ብረት አዩ፣ እኛን አዩ፣ ከዚያ በዱላቸው አንዱን ዲስክ ነካ አድርገው «ይኸንን ነው እምትከቱ?» አሉና መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ሆኑ። እኛም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን እሳቸው ዱላቸውን ይዘው እዚያው እንደቆሙ ነበር።

አያ መኩሪያ ይባላሉ። እሳቸውም ከጎጃም ነበሩ፤ ማስታወቂያውን የልጅ ልጃቸው ነው ያነበበላቸው። «የሄድሁበት ሐኪም ሁሉ ተኛ፣ ዕቃ አታንሣ ነው ያለኝ» አሉ። «እንለውጣለን ያላችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ።»

እትዬ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር የጠፍር አልጋ አስወጥተው አስተኟቸው። ያደጉበትን አገር ንግግር ከሰሙ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበርና ወንበራቸውን አጠገባቸው አድርገው የማሽላ እንጀራ በባሚያ ወጥ አቀረቡላቸው፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለሞተውና ስላለው ሲያወሩ አመሹ። እኔ ኮምፒውተሬን ይዤ ጥፋቱን ሳስተካክል ነበር። «ወገብ»፣ «ሕመም»፣ «ሐኪም»፣ «መታሸት» የሚሉትን ቃላት የሚፈልግ ሰው ማስታወቂያችንን እንዳያይ ዘጋሁ። «ዲስክ» የሚለውን «የትራክተር ዲስክ» አደረግሁት። ማስታወቂያው የሚታይበትን ቦታ ባለእርሻዎቹ ባሉባቸው ከተሞች ብቻ ወሰንኩ፤ ሰዓቱንም እትዬ ስልክ ማንሣት በሚችሉበት። አሁን የቀረው ለመጨረሻው ሳምንት የለየነውን ብር መላክ ብቻ ነበር።

ጠዋት ብሩን ስጠይቃቸው ለአያ መኩሪያ ሰጥተውታል። ለደህና መኪና፣ ከሾፌሩ ጎን ጋቢና ውስጥ ለሚቀመጡበት፣ ጎንደር ላይም ለሆስፒታል።

«እትዬ፣ ያ እኮ የመጨረሻው ነው! አሁን ገና ነው ትርፍ የሚያመጣው!»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «ያ ሁሉ ሰው ማስታወቂያውን ነክቶ ሄደ። ተነሥቶ የመጣ እሳቸው ብቻ ናቸው። ባዶ እጃቸውን ልሸኛቸው?»

ተናደድኩ። ያን ሁሉ የደከምኩበት ሥራ ልክ ሊሆን ሲል ከእጄ የተነጠቀ መሰለኝና አያ መኩሪያን ሳልሰናበት ወደ ክፍሌ ገባሁ። በኋላ ከደመወዜ የተረፈችውን ትንሽ ላክሁ። ማስታወቂያው ለአጭር ጊዜ ወጣ። የነካው ሰው ጥቂት ነበር፤ የደወለው ግን «ስንት ኢንች ነው? ስንት ፍሬ አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ነበር። አንድ ባለእርሻ ከአብደራፊ መኪና ልኮ ጥሩ አድርጎ ጫነ። ከገለጉም የሚፈልግ ተገኝቶ ነበር፤ እሱ ሲደውል ግን ዝናቡ ጀምሯል፣ መንገዱም ተበላሽቷል። የቀረው ዲስክ ቆርቆሮ ለብሶ ከረመ።

የተሸጠው ሱቁን አንድ ዓመት አቆየው፤ ከዚያ በላይ አላቆየውም። በሚቀጥለው ግንቦት እትዬ ሱቁን ሸጠው ወደ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። ሻንጣቸውን ባጃጁ ላይ ስጭን «ቀስ፣ ወገብህን» አሉኝ። ለቀልድ ይሁን ለምር አላወቅሁም፤ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ነበር።

እኔም ወደ ጎንደር ተዛወርኩ። እስካሁን ከማስተማሩ ጎን ለጎን የትንንሽ ሱቆችን ማስታወቂያ እየያዝኩ እኖራለሁ። የሚያደክም ሥራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሰው ምን ብሎ እንደሚፈልግ መገመት። ወገቤንም የበላው ይኸው መቀመጥ ነው። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን ቃል የሚጽፍ፣ የእናንተን ዕቃ ግን የማይፈልግ ማን አለ? ብዙዎቹ አይገባቸውም። ለእትዬ ያኔ ጠይቄላቸው ቢሆን ምናልባት ዛሬም መተማ ይሆኑ ነበር እያልኩ አስባለሁ፤ ማሰቡም ያደክመኛል።

ዛሬ ጠዋት በጀርባዬ ተኝቼ ስልኬ ላይ «የዲስክ ሕክምና» ብዬ ጻፍኩ። ከላይ የወጣው ማስታወቂያ «ዲስክ በጥራት እንጠግናለን፣ አብርሃ ጅራ» ይላል። ጣቴን ሰበሰብኩ። ብነካው እነሱ ይከፍላሉ። ስልክ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ገለበጥኩና በእጄ መትቼ ደወልኩ። የወጣት ሴት ድምፅ፣ ድክም ያለ ድምፅ አነሣው፤ ገና «ሃሎ» ከማለቴ ቀደመችኝ።

«አባቴ፣ ወገብዎን ከሆነ እኛ ሐኪም አይደለንም። የትራክተር ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ማስታወቂያው ላይ ወገብና ሕክምና የሚሉትን ቃላት ዝጊያቸው፤ የሚዘጉበት ቦታ አለ» አልኳትና እንዴት እንደሆነ ነገርኳት። ስትጽፍ ይሰማኛል።

«እስካሁን ወደ እናንተ የመጣ ሰው አለ?»

«ማን ይመጣል አባቴ፤ ደውለው ይዘጉታል እንጂ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ዝጊው» አልኳት። «አንድ ሰው አምኖ ሳይነሣ። መንገዱ ለወገብ አይሆንም።»