ሠርግ የተጠራው ጠረጴዛ

ቅዳሜ ጠዋት የአዳራሻችንን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩና፣ ጀርባዬን ለአዳራሹ፣ ፊቴን ለእንግዶቹ ሰጥቼ የመክፈቻ ንግግሬን ጀመርኩ። ከሲሬና ከአኖ የመጡት ተጫዋቾች ቱታቸውን ለብሰው ደጁ ላይ ቆመዋል። ነቀምት ለዘንድሮው የጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር ምን ያህል እንደተዘጋጀች አስረዳሁ። መረቡ አዲስ ነው አልኩ። ጠረጴዛዎቹ ተወልውለዋል አልኩ። እንግዶቹ ግን እኔን ትተው በትከሻዬ በኩል ወደ ውስጥ ያያሉ። ዞር ስል አዳራሹ ባዶ ነው። ጥግ ላይ ከቆመ መጥረጊያና ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የእኔ ፎቶግራፍ በቀር ምንም የለም። ፎቶግራፉ ፈገግ ብሏል።

ጠረጴዛዎቹ የት እንዳሉ ወዲያው ትዝ አለኝ። ትዝታዬ ደህና ነው፤ ሰዓት አያከብርም እንጂ። በሳምንቱ መጀመሪያ ጎረቤቴ መጥታ፣ ልጇን ልትድር መሆኑን ነግራኝ ነበር። የእድሩ ጠረጴዛዎች ለቅሶ ቤት ስለዋሉ፣ "ኦቦ፣ የኳሱን ጠረጴዛ ያውሱኝ" አለችኝ።

"ውሰጂ! የአንቺ ሠርግ የእኔ አይደለም እንዴ?" አልኳት፤ ደረቴን ነፍቼ።

ሠርጉ ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ፤ ተጠርቻለሁ፣ ሸሚዜንም አስተኩሻለሁ። ውድድሩ ቅዳሜ መሆኑንም አውቃለሁ፤ ቀኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ ቅዳሜዎች አንድ ቅዳሜ መሆናቸውን የሚነግረኝ ሰው ግን ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም። ድሮ እዚያ ቦታ አንድ ንቁ ሰው ይቀመጥ ነበር። ጡረታ ስወጣ አብሮኝ የወጣ ይመስለኛል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ስቀን በተለያየን። ክፋቱ ዋንጫው ነው። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ከተማ ዋንጫውን ለሁልጊዜ ይወስዳል የሚል ደንብ አለን። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ሳረቅቅ ሦስቴ የምናሸንፈው እኛ ነበርን። ሲሬ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ወስዳዋለች። ዛሬ ካሸነፈች ዋንጫው ሄደ። ውድድሩ ሳይደረግ ከቀረ ደግሞ፣ ያው በእኔው ደንብ፣ ሁለቱ ድሎች ተሰርዘው ቆጠራው እንደገና ይጀምራል።

የሲሬዎች አለቃ በገበያ ቀን ጨርቅ የምትሸጥ፣ ንግግሯ አጭር የሆነ ሴት ናት። ሁለቱም ጊዜ ያሸነፈችን በዚያች ግራ እጇ ነው። ባዶውን አዳራሽ አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች።

"ኦቦ፣ እንዲህ ይደረጋል?"

"ረስቼ ነው፤ ሠርግ ቤት አውሼው!"

"ቁልፍ ይረሳል፤ ጃንጥላ ይረሳል። ጠረጴዛ ይረሳል?"

"ብታውቂኝ ኖሮ አትጠራጠሪም ነበር።"

"ያንን ደንብ የጻፈ ሰው አይረሳም" ብላ ዘጋችው።

በዕድሜዬ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። ተንኮለኛ መባል እኮ አእምሮ አለው መባል ነው። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት "አንተ? ተንኮል?" ብላ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። በዚያች ሰዓት ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ሲሬ መንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል። "የነቀምቱ ሽማግሌ ዋንጫውን ላለመስጠት ጠረጴዛ ደበቀ" ከተባለ ወሬው አገር ያዳርሳል። እነሱም ለሦስተኛው ድል ዓመቱን ሙሉ ለፍተው ነው የመጡት። ስለዚህ ቡድኑን ሁሉ አስከትዬ ወደ ሠርጉ ቤት አመራሁ።

ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጠረጴዛዎቻችን ነጭ ጨርቅ ለብሰው፣ ከእኔ አምረው፣ የወጥ ድስት ተሸክመዋል። የሙሽራዋ እናት ቱታ የለበሰውን ሠራዊት ስታይ እጆቿን ዘረጋች።

"አካም ቡልተን! ይህን ሁሉ ሰው ይዘውልኝ መጡ? ገለቶማ!"

ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ ጉዳዩን ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ።

"ከድስቴ ሥር ሊመዙብኝ? ሙሽራው እንኳን ሳይደርስ?"

"አይ፣ እንዲያው... ቢቻል ብዬ ነው።"

"አይቻልም። ገብታችሁ ብሉ። ልጄን ከሸኘሁ በኋላ አንዱን እለቅላችኋለሁ። በሌላው ላይ ኬክ አለ፤ እሱን የነካ ወዮለት።"

ገባን። ምን ይደረጋል? ሠርግ ቤት ደርሶ ሳይበሉ መቆም ነውር ነው። የሲሬዎቹ አለቃ ግን እጆቿን አጣምራ ከውሃ በቀር አልቀመሰችም። ለተጫዋቾቿም ስትመክር ሰማኋት፦ "ልብ በሉ። መጀመሪያ ያበላናል፤ መንቀሳቀስ ሲያቅተን ያሸንፈናል።" አሁንም አዲስ ተንኮል ጨመረችልኝ። እኔ በበኩሌ ሁለተኛ ሳህን ይዤ ነበር።

የእኛ ተስፋ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ነው። የደም ግፊት ክኒኔን የሚሸጥልኝ እሱ ነው፤ ደንበኛውን ሁሉ "ቅባት ቀንሱ" እያለ ሲመክር ይውላል። እሱ ራሱ ግን በቅቤ የራሰውን አንጮቴ ደጋግሞ አስጨመረ። "ጋሼ፣ ድንች አይደለም፣ ሥር ነው፤ ኃይል ይሰጣል" አለኝ አፉ ሞልቶ።

ሙሽራው መጣ፤ ተጨፈረ፤ ሙሽራዋ ተሸኘች። እናት አለቀሰች። ከዚያ በአንድ እጇ እንባዋን፣ በሌላው ጠረጴዛውን እየጠረገች ቃሏን ጠበቀች። በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠበችልን። የአንጮቴ ቅቤ ግን በአንድ እጥበት አገር የሚለቅ አይደለም።

ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን መረብ ወጥረን እዚያው ዳሱ ውስጥ ጀመርን። መሽቶ ሲሬዎች መኪና እንዳያጡ፣ ከየከተማው አንድ አንድ ሰው ብቻ ይጫወት ብዬ ወሰንኩ። ዳኛውም እኔ ነኝ፤ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ተቀመጥኩበት። የአኖው ተጫዋች በጊዜ ተሸነፈና ደስ ብሎት ወደ ምግቡ ተመለሰ። ለፍጻሜው የቀሩት አለቃዋና የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ናቸው። የሠርጉ እንግዶች ወንበራቸውን አዙረው ከበቡን። ሰውዬአችን ያን ሁሉ በልቶ እንዴት እንደሚዘል እግዜር ይወቀው፤ አለቃዋን እግር በእግር ተከትሎ የመጨረሻው ዙር ላይ አስር እኩል ሆኑ። ከዚህ በኋላ በሁለት ነጥብ የቀደመ ዋንጫውን ይበላል።

ሰውዬአችን መታ። ኳሷ ጠርዙ አጠገብ፣ ቅቤው ላይ አረፈች። አልነጠረችም። ከሳሙናማ እጅ እንደሚያመልጥ ብርጭቆ ሙልጭ ብላ መሬት ወረደች። የአለቃዋ ራኬት አየር ቀዘፈ።

አለቃዋ ጣቷን በጠረጴዛው ላይ አሻሽታ አሸተተችው።

"ኦቦ ዳኛ፣ ቅቤም ደንቡ ውስጥ አለ?"

ደንቡ ግልጽ ነው። ኳሷ ጠረጴዛውን ነክታለች፤ አልተመለሰችም፤ ነጥቡ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ነው። ይህንን እንቅልፌን ተኝቼም እፈርደዋለሁ። ነገር ግን ጠረጴዛውን ያዋስኩት እኔ፣ ጎረቤቷ የእኔ፣ ግብዣው የእኔ፣ አሁን ደግሞ ቅቤው! ከፈረድኩለት፣ "ሽማግሌው ቅቤውን ሳይቀር አስልቶ ነው" ሊባልልኝ ነው።

"ያ ጃርሳ፣ ፍረድ እንጂ!" አለ ከኋላ አንድ እንግዳ። ሽማግሌ መሆኔን ያስታወሰኝ ከእኔ የባሰ ሽማግሌ ነው።

"ይደገም!" አልኩ፤ ድምፄ እንደ ጎረምሳ ተሰባብሮ።

"ጋሼ!" አለ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ። ያቺ አንዲት ቃል ከረጅም ስድብ ከበደችኝ።

ተደገመ። አለቃዋ ወሰደችው፤ ቀጣዩንም ጨመረችበት፤ ዋንጫው የሲሬ ሆነ። የሙሽራዋ እናት ማን ከየት እንደመጣ ሳታጣራ እልልታዋን አቀለጠችው።

ዋንጫውን በነጠላዋ ጠቅልላ መኪናው ጋ ስትደርስ አለቃዋ ወደ እኔ ዞረች።

"ኦቦ፣ ነጥቡ የእሱ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ዳኛው እርስዎ ነዎት። አሁን ግን ጠረጴዛውን የምር እንደረሱት አመንኩ። ተንኮለኛ እንደዚያ አይደነግጥም።"

ስሜ በዚህ ነጻ ወጣ። የነጻሁት ግን በሰው ነጥብ ነው። ክኒኔን ልገዛ መድኃኒት ቤት በገባሁ ቁጥር ሰውዬው ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ ጣቱን ቀስ አድርጎ ያነሳል። ሕመምተኞች ሐኪሙ ያዘዘልኝን ልክ የሚነግረኝ ይመስላቸዋል። ባለፈው "በል ና እንጫወት፤ አንድ ነጥብ በነጻ ሰጥቼህ እንገላገል" አልኩት።

"አይሆንም ጋሼ። የወሰዱብኝ በአስር እኩል ላይ ነው፤ የሚመልሱልኝም በአስር እኩል ላይ ነው።"

እኔ ደግሞ ከእሱ ጋር ስጫወት ከአምስት አልፌ አላውቅም።